ለሰርጌ ጓደኛዬን ከደሴ ጋበዝኳት፤ ቪዛ ተከለከለች። ምን ላግዛት?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሚያውቅ ሰው ይምከረኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሰርጌ ከፋሲካ በኋላ እዚህ ሜሪላንድ ነው። ደሴ ያለች ጓደኛዬ ሚዜዬ እንድትሆን እፈልጋለሁ። ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው ያደግነው። እናቴ ስትታመም ያስታመመቻት እሷ ናት። እኔ ያን ጊዜ ወረቀቴ አላለቀም ነበር፤ ከወጣሁ መመለሻ አልነበረኝም። እሷ መድኃኒት ቤቷን ለሠራተኛ ትታ ሆስፒታል ታድር ነበር። እናቴን የቀበረችልኝም እሷ ናት። እሷ የሌለችበት ሰርግ ለእኔ ጎዶሎ ነው።

ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ኤምባሲው ገባች። መስኮቱ ጋ ሦስት ደቂቃ አልቆየችም። ሰውየው ጥቂት ጥያቄ ጠየቃት፣ ፓስፖርቷን መለሰላትና አንድ ወረቀት ሰጣት። 214 ቢ ይላል።

እኔ ከዚህ የላክሁላት ፋይል 40 ገጽ ይሆናል። በኖተሪ የተረጋገጠ የግብዣ ደብዳቤ፣ የሥራ ደብዳቤዬ፣ የባንክ ስቴትመንቴ፣ የታክስ ወረቀቴ፣ የፓስፖርቴ ኮፒ፣ የአዳራሹ ውል ሳይቀር። አንዱንም ገጽ አላየውም። እኔን ያመመኝ ይሄ ነው።

ድጋሚ ልታመለክት ነው። እኔ ምን ልጨምርላት?

የሚኒያፖሊሱ ሹፌር፦

አይዞሽ እህቴ። እናቴን ለልጄ ክርስትና ስጠራት እኛም ላይ ደርሷል። ወረቀት ሳይታይ መመለስ ያማል። እኔ የማውቀው ነገር ትንሽ ነው፤ የሚያውቁት ይጻፉልሽ። ብቻ እሷን በስልክ አጽናኚያት። የተከለከለ ሰው ጥፋተኛ የሆነ ይመስለዋል።

ፒያሳ ጽሕፈት፦

እህቴ፣ እኔ ፒያሳ ቅጽ ስሞላ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ከመምከሬ በፊት አምስት ነገር ልጠይቅሽ። ዲኤስ 160 የሚባለውን የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ ማን ሞላላት? የሥራው ቦታ ላይ ምን ተጻፈ? ስንት ቀን እቆያለሁ አለች? ወጪውን ማን ይችላል ተባለ? አሜሪካ ዘመድ አላት ወይ ለሚለው ምን ተመለሰ?

40 ገጽ ፋይልሽን እንርሳው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ራሱ ለጎብኚ ቪዛ የግብዣ ደብዳቤም ሆነ የድጋፍ ቃል አያስፈልግም ብሎ ጽፏል። ብትልኪም ክፋት የለውም፤ ውሳኔው የሚቆመው ግን በሱ ላይ አይደለም።

214 ቢ የሚሉት እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ ነው። ሕጉ ለጎብኚ ቪዛ የሚያመለክትን ሰው ሁሉ ሊቀር ነው ብሎ ይጀምራል። አይደለም፣ እመለሳለሁ ብሎ ማሳመን የአመልካቹ ድርሻ ነው። አንቺ ምንም ያህል ሀብታም ብትሆኚ፣ ምንም ያህል ደግ ብትሆኚ፣ ያንቺ ደመወዝ እሷን ደሴ አይመልሳትም። ሰውየው የሚፈልገው እሷን የሚመልሳት ምን እንደሆነ ነው። ያንን ደግሞ የሚያነበው ከቅጹ ነው። መስኮቱ ጋ ሳትደርስ ቅጿ ስክሪኑ ላይ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

አሁን ደውዬ አንድ በአንድ ጠየቅኋት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ቅጹን የሞላላት ኢንተርኔት ቤት ያለ ልጅ ነው። ሥራ የሚለው ላይ «ንግድ» ብሎ ብቻ አለፈ። እሷ እኮ ፋርማሲስት ናት! በስሟ መድኃኒት ቤት አላት፣ ሁለት ሠራተኛ ታስተዳድራለች፣ ባልና ሁለት ልጆች አሏት።

ሦስት ወር እቆያለሁ ተብሎ ተሞልቷል። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ናፍቄያት ነው፤ ከመጣች አይቀር ትቆይልኝ ብዬ ነው። ወጪውን ሁሉ እኔ እንደምችል የተሞላውም በእኔ ነው። ሳንቲም እንዳታወጣ ፈልጌ ነበር። ሰውየው ሦስት ወር ስትቆዪ ንግድሽን ማን ይይዘዋል ብሏታል። ደነገጠችና ዝም አለች።

ከሁሉ የባሰው ሌላ ነው። ሚኒሶታ ወንድም አላት፤ በዲቪ ነው የመጣው። ልጁ «ዘመድ አለኝ ካልሽ ትቀሪያለሽ ይሉሻል» ብሎ የለኝም በሚለው ላይ ሞልቶላታል። እሷ እንግሊዝኛውን አላነበበችውም፤ በመጨረሻ ፈርሚ ሲላት ፈረመች።

የዳላሱ፦

ወንድሙን አትንኩት። አንዴ የለኝም ካለች የለኝም እንዳለች ትቀጥል። አሁን አለኝ ብትል መጀመሪያ ዋሽተሽ ነበር ሊሏት ነው። እኔ በቅንነት ነው የምመክረው፤ ሁለት የተለያየ ቃል ሲያዩ አይወዱም።

የሕግ ረዳት ነኝ፦

የዳላሱ ወንድሜ፣ ቅንነትህ ገብቶኛል። ይህ ምክር ግን ሰው ያጠፋል።

በዚያው የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 212 ውስጥ ስለ ማጭበርበር የሚናገር ክፍል አለ። ቪዛ ለማግኘት ብሎ ጉዳዩን የሚለውጥ ሐሰት የተናገረ ሰው ዕድሜ ልኩን ሊታገድ ይችላል። ተራ ክልከላ እንደዚህ አይደለም። 214 ቢ እገዳ አይደለም፤ ሁኔታዬ ይኸው ብለህ እንደገና ማመልከት ትችላለህ። የማጭበርበር ምልክት አንዴ ስም ላይ ከተቀመጠ ግን ልጆቿ ሲያድጉ፣ ወንድሟ ዜግነት አግኝቶ ሲያመለክትላት፣ ሁልጊዜ ይከተላታል። የወንድሟ የዲቪ ፋይል ደግሞ እዚያው አለ። እሱ የቤተሰብ ስም ጽፎ ነው የሄደው።

መንገዱ አንድ ነው። አዲሱ ቅጽ ላይ ወንድም አለኝ ትበል። ከዚህ በፊት ተከልክለሽ ታውቂያለሽ ለሚለውም አዎ ትበል። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ሰውየው እስኪጠይቃት አትጠብቅ፤ ያለፈው ቅጽ ስህተት እንደነበረበት ራሷ ትንገረው። በእሷ ቦታ ብሆን ከማመልከቴ በፊት ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ለአንድ ሰዓት አማክራለሁ። ጠበቃ የምለው ለዚህ ለወንድሟ ጉዳይ ነው። ሌላውን ራሷ ትችለዋለች።

የዳላሱ፦

ተቀብያለሁ። እኔ የሰማሁትን ነው የጻፍኩት። ይህን ያህል ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። እህቴ፣ የእኔን ተዪው።

ዱባይ ነኝ፦

እኛ ዘንድ ቀላል ነው። እዚህ ነዋሪ የሆነ ሰው ወይም የጉዞ ወኪል ቪዛውን ያወጣልሻል፤ መጪው ፓስፖርቱን ልኮ ይጠብቃል። ለምን አንቺ እዚያው ሆነሽ አታወጪላትም? ካልሆነ ደግሞ ገንዘብ ልከሽ ሒሳቧ ውስጥ ይግባና ስቴትመንቷ ወፈር ይበል።

ፒያሳ ጽሕፈት፦

እህቴ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የገልፍ ቪዛ የጋባዡ ነው፤ የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ የተጋባዡ ነው። ጋባዥ የሚያመለክትበት ቅጽ የለም።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ በዘጠኝ ዓመቴ ያየሁትን ልንገርሽ። ለቃለ መጠይቁ ሁለት ሳምንት ሲቀር 800 ሺህ ብር የገባበት ሒሳብ ይዘው የሚመጡ አሉ። ከዚያ በፊት ያለው ዓመት ሙሉ ደርቋል። ከየት መጣ ሲባሉ ላብ ያጠምቃቸዋል። የጓደኛችን ሒሳብ የመድኃኒት ቤት ሒሳብ ነው። ይገባል፣ ይወጣል፣ ግብር ይከፈልበታል። ያ ትንሽ ቢሆንም እውነተኛ ነው። እንዳለ ይቅረብ።

አሁን ወደ ቅጹ ልመለስ። የሲልቨር ስፕሪንጓ፣ ስሚኝ። ራሷ ትሙላው። ፋርማሲስት የተባለች ሴት እንግሊዝኛ አያቅታትም፤ ቅጹ እያንዳንዱን ጥያቄ በአማርኛ የሚያሳይበት አማራጭም አለው፤ መልሱ ብቻ ነው በእንግሊዝኛ የሚሞላው። ግራ ሲገባት አንቺ በስልክ አብረሻት ሁኚ። ሌላ ሰው አግዞሽ ነበር ወይ የሚል ጥያቄ አለው፤ ካገዝሻት አዎ ብላ ስምሽን ትጻፍ። ሥራ በሚለው ላይ መድኃኒት ቤቷን ከነስሙ፣ ከነአድራሻው፣ መቼ እንደተከፈተ፣ እሷ በውስጡ ምን እንደምትሠራ ታስፍር። ላለፉት አምስት ዓመታት የተጠቀመችባቸውን የማኅበራዊ ሚዲያ ስሞችም ይጠይቃል፤ አትዝለለው። ፎቶው ያለ መነጽር ይሁን።

ቀኑን ደግሞ ከእሷ ሕይወት ጋር አመዛዝኑት። መድኃኒት ቤት ያለ ባለሙያ አይከፈትም። ስንት ቀን ልትለየው ትችላለች? እሱን ራሷ ትንገርሽ። አንቺ አትንገሪያት።

ወንድም ከፍራንክፈርት፦

ሌላ ሀገር ያላችሁ አንባቢዎች እንዳትሳሳቱ ትንሽ ልጨምር። ጀርመን ላይ የጋባዡ ወረቀት ዋጋ አለው። እንግዳው የራሱ ገንዘብ ካልበቃው ጋባዡ የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዶ የኃላፊነት ቃል ይፈርማል። 29 ዩሮ ነው። ደመወዝህን ያዩታል፣ ቤትህን ይጠይቁሃል። ከፈረምክ ደግሞ ቀልድ የለም። እንግዳው እዚህ ቢቀር፣ ቢታመም፣ መንግሥት ያወጣውን እስከ አምስት ዓመት ድረስ ካንተ ይጠይቃል። እኔ ለአክስቴ ልጅ ስፈርም ባለቤቴን አስቀምጬ ነው የተማከርኩት።

የሸንገን፣ ማለት የአብዛኞቹ የአውሮፓ ሀገሮች የጋራ ቪዛ፣ ማመልከቻ 90 ዩሮ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና ኢንሹራንስም ያስፈልጋል። በተጨማሪ የአውሮፓ ኅብረት በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያ 2016 ኢትዮጵያውያን ላይ ገደብ አውጥቷል። 15 ቀን የነበረው የውሳኔ ጊዜ 45 ቀን ሆነ፣ ብዙ ጊዜ መግቢያ ቪዛም ቀረ። ስለዚህ ሰርግ ያላችሁ ቀደም በሉ። ጀርመን ላይ ደግሞ ከሐምሌ 2025 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ለኤምባሲው ይግባኝ መጻፍ ቀርቷል፤ ወይ እንደገና ማመልከት ነው፣ ወይ በአንድ ወር ውስጥ በርሊን ፍርድ ቤት።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትላንት ሁለት ሰዓት አወራን። ሦስት ወር ስላት እሺ ያለችው ደስ እንዲለኝ ብላ ነው። እውነተኛ ቀኗ 16 ነው። አብራት የምትሠራው ድራጊስት (የመድኃኒት ባለሙያ) ብቻዋን ከዚያ በላይ አትችልም፣ ልጆቿም ፈተና አለባቸው። ትኬቷን ራሷ መግዛት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ከመጀመሪያውም ፈልጋ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኳት። «አንቺ እኮ እንድናገር ዕድል አልሰጠሽኝም» አለችኝ። ልክ ናት።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ቶሎ ቀጠሮ ትያዝ ወይስ ትቆይ? የምክር ቤት አባላችን ቢሮ ደብዳቤ እንዲጽፍላት ብጠይቅስ?

የሕግ ረዳት ነኝ፦

በጣም ቀድማ አትግባ። በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ለእኛ ሀገር ፓስፖርት የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ነው፤ የሚያገለግለውም ሦስት ወር ነው። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ከሆነ ኅዳር ላይ ቪዛ ማግኘት አይጠቅማትም፤ ከሰርጉ በፊት ይቃጠልባታል። ቀጠሮውን ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት ላይ ብታገኝ ጥሩ ነው። የቀጠሮውን ሰሌዳ ግን ከአሁኑ ትከታተል፤ ወረፋው አንዳንዴ ይረዝማል። የማመልከቻው ክፍያ 185 ዶላር ነው፤ እንደገና ስታመለክት እንደገና ይከፈላል፣ ቢከለከሉም አይመለስም።

ሌላም አለ። ሦስት ወር የሚለው መግቢያ ቀኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደምትቆይ የሚወስነው አየር ማረፊያው ላይ ያለው መኮንን ነው። የመቆያ ቀኗ የሚመዘገብበት ሰነድ አይ 94 ይባላል። ለጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ይሰጣል። ከዚያ ቀን በላይ ከ180 ቀን የሚበልጥ ከቆየች ስትወጣ ሦስት ዓመት፣ አንድ ዓመት ካለፈች አሥር ዓመት መግባት ትከለከላለች።

የምክር ቤት አባል ቢሮ ጉዳዩ የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ ይችላል። ስጡ ብሎ ማዘዝ አይችልም። እኔ ባለሁበት ቢሮ በዚህ የተለወጠ ውሳኔ አላየሁም።

የአባቴ ልጅ፦

እያነበብኩ ነው የማለቅሰው። የእኔ አባት ሦስት ጊዜ ገብቶ ሦስት ጊዜ ተመልሷል። እኛ ምንም አልዋሸንም። ጡረተኛ ነው፣ ባለቤቱ ሞታለች፣ ልጆቹ ሁላችንም እዚህ ነን። እውነቱን ሲናገር እውነቱ ራሱ ነው የሚከለክለው። ኢትዮጵያ ምን አለህ ሲሉት ቤቴና ቤተ ክርስቲያኔ አለ። 78 ዓመቱ ነው። ለእሱ ቤተ ክርስቲያኑ ከሁላችንም ይበልጥበታል፤ ግን ይህ የሚጻፍበት ሳጥን ቅጹ ላይ የለም።

አሁን እኛ ነን በየተራ የምንሄደው። ዘንድሮ የእኔ ተራ ነው። ጓደኛሽ ጥሩ ነገር አላት እህቴ። ይቅናት።

ፒያሳ ጽሕፈት፦

የአባቴ ልጅ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ያቆይልሽ። እንዲህ ያሉ አባቶች በእጄ ብዙ አልፈዋል። ቅጹን ሞልቼ ስሰጣቸው መርቀውኝ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ተከልክለው ሲመለሱ ያው መርቀውኝ ይሄዳሉ። የምለው የለኝም። ሂጂና እዪአቸው።

የደሴዋ፦

ሰላም። ስለ እኔ የምትጽፉትን ስታነብልኝ ቆይታለች፤ ዛሬ ራሴ ገባሁ። ስለተጨነቃችሁልኝ አመሰግናለሁ።

ቅጹን ራሴ ሞላሁት። ሁለት ማታ ፈጀብኝ። መድኃኒት ቤቱን የከፈትኩበትን ዓመት ስጽፍ ብቻዬን ደስ አለኝ፤ በመጀመሪያው ቅጽ ላይ እኔ አልነበርኩም። ወንድሜን ጻፍኩት። ጠበቃም አማከርን። ቀጠሮዬ የካቲት ላይ ነው።

የምፈራው አንድ ነገር ነው፤ እንደገና ዝም እንዳልል።

የሕግ ረዳት ነኝ፦

በአማርኛ ተናገሪ። ይቻላል። ባልተመቸሽ እንግሊዝኛ ከመንተባተብ በአማርኛ ቀጥ ብለሽ መናገር ይሻላል። መልስ አትሸምድጂ፤ የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ። ያልገባሽን ይድገሙልኝ በይ። ስልክሽን ይዘሽ አትሂጂ፤ አያስገቡትም።

የደሴዋ፦

ብዙዎቻችሁ ምን ጠየቁሽ ብላችኋል፤ እንደተባባልነው ልጻፍ።

በዚህኛው ቀን ሴት ነበረች። ሰላም እንዳልኳት «ከመጀመራችን በፊት የማርመው ነገር አለ» አልኩ። ያለፈው ቅጽ ላይ ወንድም የለኝም ተብሎ መሞላቱን፣ ሌላ ሰው እንደሞላው፣ እኔ ሳላነብ እንደፈረምኩ ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ጻፈች። ልቤ ሊወጣ ደረሰ። ወንድምሽ በምን ሄደ አለችኝ፤ በዲቪ አልኳት። ስንት ዓመት ሆነው፣ የት ይኖራል አለች፤ መለስኩ።

ከዚያ ለምን ትሄጃለሽ አለች። ለሰርግ፣ ሚዜ ነኝ አልኳት። ሙሽራዋ ምንሽ ናት ስትለኝ ጓደኛዬ አልኩ። ከመቼ ጀምሮ አለች። ከሁለተኛ ክፍል። ፈገግ ያለች መሰለኝ። ለምን 16 ቀን ብቻ አለች። መድኃኒት ቤቴን ከዚያ በላይ መተው አልችልም አልኳት። ማን ይይዘዋል አለች። ያቺ ጥያቄ ናት! ድራጊስቷ አለች፣ ፈቃድ አላት፣ አራት ዓመት አብራኝ ሠርታለች፤ ከዚህ በፊትም ሰው ሳስታምም ይዛልኝ ነበር አልኩ። ንግድ ፈቃዱንና የግብር ደረሰኙን ይዤ ነበር፤ ፈቃዱን ብቻ አየች። ትኬቱን ማን ይገዛል ስትል እኔ አልኩ።

ፓስፖርቴን ከእሷ ጋ አስቀረችው። ተመታልኝ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

እልልልልልልል! የቢሮ ሰዎች ምን ሆነሽ ነው እያሉኝ ነው።

የሚኒያፖሊሱ ሹፌር፦

እልል በሉ! ወንድሟ እኛ ሰፈር ካለ ለሰርጉ አብሬው እነዳለሁ።

የደሴዋ፦

ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው። ዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ስደርስ መኮንኑ ስንት ቀን ነው አለኝ፤ 16 አልኩት። ስድስት ወር ሰጠኝ። ወንድሜ ትንሽ ቆዪ ብሎ ለመነኝ፤ ሰባት ዓመት ነው ያልተያየነው። በ16ኛው ቀን ተሳፈርኩ። እያለቀስን ነው የተለያየነው።

ትላንት ኮምቦልቻ አረፍኩ። ዛሬ ጠዋት መድኃኒት ቤቱን ከፍቻለሁ። ቅጹ ላይ ያሉትን ጥያቄዎችና ግራ ያጋቡኝን ቦታዎች በአማርኛ እየጻፍኩ ነው፤ ስጨርስ እዚሁ አስቀምጣለሁ። የሚጠይቅ ካለ ማታ ማታ እመልሳለሁ። ቀን ሰው ይበዛብኛል።